የአጥር ሥር ፀሐይ

ባዶ መሬትን የአበባ መደብ ስለ ማድረግ ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች በመጋቢት ወር የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ወደ አዳራሹ ከመግባቴ በፊት በር ላይ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፀሐይ የማይለየው አጥር ሥር አለኝ፤ ምን አበባ ልትከልበት?» አሉኝ። «እማማ፣ አጥሩ ከቤትዎ በየት በኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በመንገዱ በኩል» አሉኝ። ፀሐይዋ በታኅሣሥ በየት፣ በሰኔ በየት እንደምትዞርበት ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። አይፈረድባቸውም። እኔም የመጀመሪያውን መደቤን ስቆፍር አላውቅም ነበር፤ ያለማወቄን ዋጋ የከፈሉት ተክሎቹ ናቸው።

የዛሬው ንግግሬ ከዳር እስከ ዳር ለእኚያ እናት ጥያቄ መልስ ነው። የአበቦቹን ስም ግን ቶሎ አልጠራም። ባዶ መሬት ላይ የሚሠራ መደብ መጀመሪያ የብርሃን፣ ቀጥሎ የአፈርና የውኃ ጉዳይ ነው። ያማረውን ችግኝ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ቦታ የሚፈልግለት ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል።

እንግዲህ ስለ ብርሃን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት የማይነግሩን ነገር ይገጥመናል፤ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል፣ ክረምቱን ይዞ ማለት ነው፣ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ትሆናለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ በስተ ደቡብ ናት፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች።

ይህን ወደ ግቢያችሁ አጥር አምጡት። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው የብሎኬት አጥር በታኅሣሥ ቀትር ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ25 ሳንቲም ያህል ጥላ ይጥላል። ያው አጥር በሰኔ ቀትር ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። መደባችሁ በግቢው ደቡባዊ አጥር ሥር ከሆነ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ነው ማለት ነው። በሰሜናዊው አጥር ሥር ከሆነ ግን ፊቱን ለደቡብ ሰጥቶ በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይጠግባል። ከጀርባው ያለው ግንብም ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት እየመለሰ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ ያለዝብለታል።

ምሥራቅና ምዕራብስ? በበጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በክረምት ግን የከተማችን ሰማይ ጠዋት ፈካ ይልና ከቀትር በኋላ ደመና ይቋጥራል፤ ዝናቡም የሚበዛው ከሰዓት ነው። ስለዚህ በምዕራባዊው አጥር ሥር ሆኖ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መደብ የሐምሌን ጥቂት ፀሐይ ያገኛል። ወደ ምዕራብ የሚያየው ተራው ሲደርስ ሰማዩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ በስሌት የሚታወቅ ቢሆንም ጎረቤት የሠራው ፎቅ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የውኃ ታንከር ማማ ስሌቱን ያፈርሱታል። ስለዚህ በዓይን መታየት አለበት። እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሰል ይዤ ወጣሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ መሬት ላይ በከሰል ፍርፋሪ እያሰመርኩ እስከ 10 ሰዓት ዋልኩ። ማታ ላይ መሬቱ እንደ ካርታ ሆኖ ተገኘ። አምስት ዓመት የኖርኩበት ግቢ ነው፤ ሁልጊዜ ፀሐይ ያለው ይመስለኝ የነበረው ማዕዘን በቀን የሚያገኘው ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ጀሪካንና አሮጌ ቆርቆሮ የምንጥልበት ጥግ ግን ስምንት ሰዓት ያገኝ ነበር። ፀሐይ ለሚወድ መደብ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ያስፈልጋል። ቆርቆሮው ተነሣ፤ መደቡም እዚያ ተሠራ። አሁን መጋቢት ነው፤ በዚህ ሳምንት አንዴ፣ በሰኔ አንዴ፣ በታኅሣሥ አንዴ ብታሰምሩ የግቢያችሁን ዓመት በሦስት ቀን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ አፈሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ያላችሁ ቀይ አፈር ላይ ናችሁ፤ ውኃ ያሳልፋል፣ ሥር ይገባበታል፤ ፍግና ብስባሽ ከጨመራችሁለት ብዙ አያስቸግርም። በቦሌ፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ያላችሁ ግን አብዛኞቻችሁ ዋልካ ላይ ናችሁ፤ ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልናገር። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በክረምት አብጦ ስንጥቁ ይዘጋና ውኃ አላሳልፍ ይላል። ደሃ አፈር አይደለም፤ ጤፉንና ስንዴውን የሚያበቅልልን እሱ ነው። ችግሩ በሐምሌና በነሐሴ የተክልን ሥር አየር መንሣቱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በጦስኝ ነው። በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ይረዳኛል ብዬ፣ 12 ችግኝ ዋልካው ላይ ተከልኩ። ጦስኝ የመንዝና የጣርማ በር ተክል ነው፤ ብርድና ነፋስ አይፈራም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ግራጫ ሆነ። ውኃ ያነሰው ነበር የመሰለኝ። አንዱን ሳብ ሳደርገው ያለምንም ትግል እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ጠቁሮ እንደ ረጠበ ክር ሆኗል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ጣት የሚያህል ውኃ ተኝቷል። 12ቱም እንዲሁ ሞቱ።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ዋልካቸውን በእጃቸው ሰፋ ሰፋ ያለ መደብ እያደረጉ ከፍ ያደርጉታል፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይተዉና ትርፉ ውኃ በቦዩ ይወርዳል። የአበባ መደብም እንዲሁ ነው። ከመሬት 25 ሳንቲም ያህል ከፍ አድርጉት፤ ከፊቱ ቦይ አውጡለት፤ ቦዩም መውጫ ይኑረው። «አሸዋ ደባልቅበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ጥቂት አሸዋ ከብዙ ዋልካ ጋር ሲደርቅ ከሸክላ ይብሳል። ዋልካን የሚያላላው ብስባሽ ነው። የመደቡ ስፋት 8 ካሬ ሜትር ቢሆን 6 ሳንቲም ውፍረት ያለው ብስባሽ ለማልበስ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል፤ በካሪዮላ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ መመላለስ ነው። የቤታችሁ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠል ሁሉ ይሆናል። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ሦስት ወር ያህል ተከምሮ ይብላላ።

መቼ ይቆፈር? ዋልካ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል፣ ሲርስ ዶማው ላይ ይጣበቃል። በሁለቱ መካከል፣ ከበልግ ዝናብ በኋላ፣ ጥቂት ቀን ይሰጣችኋል። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ቅርጹን ይዞ ቆይቶ፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ከፈረሰ፣ ቀኑ ያ ነው። እስከ 40 ሳንቲም ድረስ አላሉት።

ስትቆፍሩ ደግሞ ሰርዶን ታገኛላችሁ። ሰርዶን በዶማ መቆራረጥ ማባዛት ነው፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በሹካ መቆፈሪያ አንሡት፤ ሥሩን በእጅ እየተከተላችሁ ሳይበጠስ አውጡት፤ ቆርቆሮ ላይ አስጡት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ያመለጣችሁ ብቅ ይላል፤ እሱንም ንቀሉ። ይህችን ሦስት ሳምንት ያልታገሠ ሰው ቀጣዮቹን ዓመታት ከአበባው ሥር ሰርዶ ሲፈለቅቅ ይኖራል።

አሁን ሜትርና ገመድ ይዘን እንለካ። የእኔ መደብ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ከአጥሩ ወደ ፊት ያለው ስፋት 1 ሜትር ከ80 ነው። ከዚህ ላይ ግንቡ ሥር 40 ሳንቲም ለመተላለፊያ ተውኩ። ብዙ ሰው ይህን ቦታ ይሰስታል፤ ግን ከኋላ ያለውን ተክል ለመግረዝም ሆነ አጥሩን ለመለሰን መግቢያ ያስፈልጋል፤ የግንቡ መሠረትም ውኃ አይወድም። የቀረው 1 ሜትር ከ40 በ6 ሜትር፣ ማለትም 8 ካሬ ሜትር ከምናምን ነው። በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ያህል ቢያዝ 42 ተክል ይበቃዋል። ችግኙ ዛሬ አንድ ጭብጥ ቢያህልም ቦታ የሚሰጠው በሁለት ዓመቱ በሚሆነው መጠን ነው። በመጀመሪያው ዓመት መደቡ የተራቆተ ይመስላል፤ ክፍተቱን ዓመታዊ አበቦች ይሸፍኑታል።

ስለ አቀማመጥ ስናወራ አንዲት እንግሊዛዊት ማንሣት አለብኝ። ገርትሩድ ጂክል ከ1843 እስከ 1932 በፈረንጅ አቆጣጠር የኖረች፣ ሥዕል ተምራ ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ወደ አትክልት የዞረች ሴት ናት። በሰሪ ግዛት ባለው በመንስቴድ ውድ ቤቷ 60 ሜትር ያህል የሚረዝም መደብ ነበራት። ያስተማረችን ትልቅ ነገር ተክልን አንድ አንድ እያሉ እንደ ወታደር አለማሰለፍ ነው፤ አንዱን ዓይነት በዛ አድርጎ፣ ረዘምና ሰየፍ ባለ ቅርጽ፣ ከጎረቤቱ ጋር እንዲጠላለፍ አድርጎ መትከል። ይህን እንውሰድላት። የቀለም ምርጫዋን ግን እንዳለ አንወስድም። ፈዘዝ ያለው ሰማያዊና ሐምራዊ በእንግሊዝ ዝቅተኛና ለስላሳ ብርሃን ያምራል፤ እዚህ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን፣ የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ታጥበዋለች። የእኛን ፀሐይ የሚችለው ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ጥልቅ ቀይ፣ በመካከላቸውም እንደ አሪቲ ያለ አመድማ ቅጠል ነው።

አሁን የተክሎቹን ስም ልጥራ።

ከኋላ ራስ ክምርን አስቀድማለሁ። በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ጥግ በራሱ የሚበቅል፣ ግንዱ ላይ ብርቱካናማ አበባ ደረጃ በደረጃ የሚከምር ተክል ነው፤ የፈረስ ዘንግም ይሉታል። ችግኝ ሻጮች ዘንድ ብዙም አታገኙትም፤ ዘሩን ልቀሙ። ከሰው ቁመት ይስተካከላል፤ ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ማሩን ለመምጠጥ ሲመጡ ከመስኮት ሆኖ ማየት ይቻላል። ሦስት ሥር ለ6 ሜትር ይበቃል።

ከእሱ አጠገብ ዳሊያ። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተክል ነው፤ የአገሩም ብሔራዊ አበባ ነው። የሜክሲኮ ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ገደማ ሲሆን ዝናቡም እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ኮስሞስና ዚኒያም ከዚያው አገር ናቸው። እነዚህ አበቦች አዲስ አበባን ወዲያው የሚለምዷት በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣልን ቱሊፕና ፒዮኒ ሳምንታት በሚዘልቅ እውነተኛ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልተኙ አያብቡም፤ የእኛ ሌሊት ያን አይሰጣቸውም። የቀናችን ርዝመትም ከበጋ እስከ ክረምት የሚለያየው በአንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ቀን ጠብቀው የሚያብቡ የአውሮፓ አበቦች ቅጠል እንዳወጡ ይቀራሉ። ዘመዶቻችሁን ዘር ስታስልኩ ይህን ንገሯቸው፤ ገንዘባቸው አይባክን።

የዳሊያ ሥር እንደ ስኳር ድንች ነው፤ ግን ሥሩ ብቻውን አይበቅልም። ዓይኑ ያለው አንገቱ ላይ ነው። ጎረቤት ከፍሎ ሲሰጣችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ከግንዱ ግርጌ ትንሽ ይዞ መቆረጡን እዩ። አንገቱ የተቀነጠሰ ሥር የቱን ያህል ቢወፍር በስብሶ ይቀራል። በግንቦት መጨረሻ፣ ጥልቀቱን 10 ሳንቲም ያህል አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ድጋፍ የሚሆነውን እንጨት ያኔውኑ ትከሉለት። በኋላ ስትተክሉት ሥሩን ትወጉታላችሁ፤ የነሐሴ በረዶ ከመጣ ደግሞ ድጋፍ የሌለው ዳሊያ በአንድ ከሰዓት ይተኛል።

ለመካከሉ ኮሰረት፣ ጤና አዳም፣ አሪቲና የጥብስ ቅጠል። ለወጥና ለቡና ብቻ ብለን ጓሮ የጣልናቸው ናቸው፤ እኔ ግን ከፊት ለፊት መደብ ላይ መዋል ይገባቸዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ቅጠላቸው ዓመቱን ሙሉ ቀለም ይሰጣል፤ ንብ ይጠራሉ፤ የበጋን ድርቅ ይችላሉ። ከእነሱ መካከል አንድ የራሳችን አበባ አስገቡ፤ አውሮፓውያን «የሐበሻ ግላዲዮለስ» እያሉ የሚሸጡት ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር ቀይ፣ ማታ ማታ የሚያውድ አበባ ነው። ከደጋችን የሄደ ነው። እዚያ ብርዱ እንዳይገድለው በየዓመቱ ሽንኩርት መሰል ሥሩን እየነቀሉ ቤት ያስገቡታል፤ እዚህ ግን በበጋ ቅጠሉ ደርቆ አፈር ውስጥ ያርፋል።

ከፊት፣ ቦዩ ጠርዝ ላይ፣ ጦስኝና እሬት። ከእሬት ወገን በደብረ ብርሃን ስም የተሰየመ የራሳችን ዝርያ አለ። አንድ ነገር አደራ፤ ከእንጦጦም ሆነ ከየትም ተራራ ተክል ነቅላችሁ አታምጡ። ዘር ልቀሙ፣ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አጽድቁ፤ ሥሩ እዚያው ይቅር። የአገራችንን ዕፅዋት በቦታቸው ለማየት ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቅርባችን ነው። ቀጋን የሚወድ ሰው ካለ፣ እሾሁም ግዝፈቱም ለዚህ ጠባብ መደብ አይሆንም፤ ለአጥር ግን ነጭ አበባው ከየትኛውም ከተገዛ ጽጌረዳ አያንስም።

ተከላው ሁለት ጊዜ ነው። ራስ ክምር፣ ዳሊያ፣ ኮሰረትና ዓመታዊዎቹ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይገባሉ፤ ዝናቡ ሥር ያስይዝላቸዋል። ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና እሬት ግን መስከረምን ይጠብቁ። የእኔ 12 ጦስኞች የሞቱት በሌላ ምክንያት አይደለም።

ችግኙ የተገዛው በጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ፕላስቲኩን በምላጭ ቅደዱና ታችኛውን እዩ። ብዙ ጊዜ ሥሩ መሬት አጥቶ እንደ ስፌት ተጠምዝዞ ታገኙታላችሁ። በጣት ፈታ ፈታ አድርጉት፤ የማይፈታውን ቁረጡት። እንዲያ ካልተደረገ ሥሩ አዲሱም አፈር ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ይኖራል። ፕላስቲክ ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፣ ዙሪያውን በመዳፍ ጠቅጠቅ አድርጉት፣ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም ያኔውኑ አጠጡት። ይህንን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉ።

የመጀመሪያው በጋ ከባድ ነው። 8 ካሬ ሜትር መደብ በአንድ ጊዜ በካሬ ሜትር 10 ሊትር ቢጠጣ 80 ሊትር ነው፤ አራት ጀሪካን። በሳምንት ሁለቴ ይህን ያህል በጥልቀት ማጠጣት በየቀኑ ላይ ላዩን ከማርጠብ ይሻላል፤ ሥር ውኃን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳልና። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በርሜል ጣሪያ ሥር አስቀምጡ፤ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 400 ሊትር ነው፤ ሁለት በርሜል ይሞላል። አፈሩንም አልብሱት። ጭድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ የቀረበ ግን አለ፤ ለበዓልና ለቡና የጎዘጎዝነው ቄጠማ። ተጠርጎ ቆሻሻ ላይ ከሚጣል ከተክሉ ሥር ይነጠፍ። ሰርዶ የተቀላቀለበት እንዳይሆን ብቻ አይታችሁ።

በሁለተኛው ዓመት የጥብስ ቅጠሉን ጫፍ ቆርጣችሁ ሌላ ታጸድቃላችሁ፣ ዳሊያውን ትከፍላላችሁ፣ ችግኝ መግዛትም እየቀረ ይሄዳል።

አደይን ሳልጠራ የቀረሁት ረስቼ አይደለም። አደይ የአንድ ክረምት ተክል ናት፤ በዝናብ በቅላ፣ በመስከረም አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። ስለዚህ ቦታ አይያዝላትም፤ በተክሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ሁሉ ትበተናለች። ዘሯ ቀላልና ጠፍጣፋ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል፤ ሰኔ ሲገባ ነፋስ በሌለበት ማለዳ በትናችሁ በእጃችሁ ላይ ላዩን አፈር ደባበስ አድርጉበት፤ አትቅበሩት። ባለፈው ኅዳር ከመደቤ የለቀምኩትን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልዬ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳል። እማማ፣ የእርስዎ ለብቻው ነው። ወረቀቱ ላይ የጥላ ማስመሪያውን ሰዓቶች ጽፌልዎታለሁ፤ ከሰል ከቤትዎ አይጠፋም።